የሐሙሱ ድንች

ሄሎ። … ሄሎ፣ ማን ልበል? … አይ፣ ኖህ አይደለም። ኖህ እጁ አልተመቸውም፣ ሽንኩርት እየከተፈ ነው። … ሽንኩርት! … አዎ፣ ኖህ። ልጅህ። ቢላዋ ይዞ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ፣ እዚሁ ፊቴ ተቀምጦልሃል። … እንዴ፣ ድምፄም ጠፋህ? ትርፌ ነኝ! እህትህ! … አዎ፣ ከኦጎልቾ መጥቼ። … አሰላ ነዋ! ልጆችህ የተከራዩት ክፍል።

— ሌዊ፣ በሩን ክፈተው እስኪ፣ ጭሱ ሊገድለን ነው።

ደህና ነኝ፣ ይመስገን። ማለት፣ ደህና አይደለሁም። ጥርስ ተነቅዬ ነው፣ የመንጋጋውን። … ሰኞ። ነገ ደግሞ ተመልሰሽ ታዪ ስላሉኝ እስከዚያ ከልጆቹ ጋር ልሰንብት ብዬ ነው። … ያማል እንጂ! ሐኪሙ ብዙ አትናገሪ ብሎኛል። … አዎ፣ አትናገሪ ብሎኛል። እኔም ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ አንተ ነህ የደወልከው።

አበባስ እንዴት ናት? ልጆቿን ናፍቃለች? … እህሉ ገባ? … ተመስገን። በል አሁን ለኖህ ልትነግረው የነበረውን ለእኔ ንገረኝ። … አይ፣ አይነሳም። እጁ ሽንኩርት ነው አልኩህ። እኔ አለሁ አይደል? ንገረኝ።

… እህ።

… እህ።

ቆይ ቆይ ቆይ። ወንደሰን፣ ቀስ በል፣ ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ነው። ቅዳሜ ምን? … ቅዳሜ መጥተህ ትንሳኤን ልትወስዳት? … ምነው፣ ሰው ታመመ? … ለስንት ቀን? … ጠቅልላ?

ጠቅልላ ነው ያልከኝ?

ምነው ሸዋ! አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት እኮ! ክረምቱ ሲገባ ማትሪክ ልትፈተን ነው እኮ! ይሄን ሁሉ ዓመት ተምራ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ተመለሺ ይባላል? … ማን ነው የደወለልህ? … መምህር ይርሳው። አውቀዋለሁ፣ የክፍላቸው ኃላፊ ነው። ዛሬ ጠዋት አነጋግሬዋለሁ። … አዎ፣ ትምህርት ቤት ሄጄ። ቆይ እሱን እደርስበታለሁ፣ አንተ ጨርስ። ምን አለህ?

… ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ ናት። እሺ። … ኖህ ሁለተኛ ወጣ። እሰየው። … ክፍል ውስጥ ትተኛለች። እሺ። … ቀሪ ታበዛለች። እሺ። … ሰንፋለች? ሰንፋለች ያለህ መምህሩ ነው ወይስ አንተ ነህ የጨመርክበት? … አንተ ነህ። ጎሽ። እሱ ለእኔ ሰንፋለች አላለኝም።

— ምን ያስቅሃል ኖህ? ሁለተኛ ወጣህ ስለተባለ ነው? ደቀቅ አድርገህ ክተፍ፣ በዚህ ሽንኩርት ሰው ይታነቃል።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኖህና ትንሳኤ አንድ ክፍል ናቸው፣ አይደል? … ማን ነው አንድ ቀን ትምህርት ቤት ያስገባቸው? አንተ። እሷ ትበልጠዋለች፤ ግን ብቻዋን መንገድ አትሄድም፣ ወንድሟ ይድረስላት ብለህ ዓመት ሙሉ ቤት አስቀምጠህ አብረው አንደኛ ክፍል አስገባሃቸው። … አልወቀስኩህም፣ እውነቱን ነው የምናገረው። እንግዲህ አስብ። አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪ። መጽሐፉም አንድ ነው፣ እየተቀባበሉ ነው የሚያነቡት። የሚያድሩበት ክፍል አንድ፣ የሚበሉት ሽሮ አንድ፣ አባትና እናታቸው አንድ። እና እሱ ሁለተኛ፣ እሷ መጨረሻ። ለምን? … አይ፣ አንተ ገምት። … ጭንቅላት?

ጭንቅላት ነው ያልከኝ? ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተኑ ማን ነበር የበለጠው? … አልሰማሁህም። … ጮክ በል፣ አበባም ትስማ። … ትንሳኤ! ትንሳኤ ናታ! ቤት ለቤት እየዞርክ ልጄ ወንዶቹን ሁሉ በለጠች ብለህ ያወራኸው አንተ አልነበርክም? እኔ ድረስ ኦጎልቾ ደውለህ አልነበረም? ያን ጊዜ ጭንቅላቱን ከጎረቤት ተውሳ ነበር?

… ያኔ ልጅ ነበረች። እሺ። … አሁን ሐሳቧ ሌላ ነው። ምን ላይ ነው ሐሳቧ? … ስልክ? የምን ስልክ! ይሄ የምትደውልበት የኖህ ስልክ ነው፣ እሷ ስልክ የላትም። … ጓደኛ? ጓደኛ የምትይዝበትን ጊዜ ከየት አምጥታ? … ምን? ዝቅ አድርገህ አታውራ፣ አልሰማም። … ወንድ? ወንድ ይዛ ይሆን እንዴ ነው ያልከው? ወንደሰን፣ አፌን አታስከፍተኝ፣ ስፌቱ ይበጠሳል! ወንድ አላት ወይ ብለህ ከጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ሁለት ወንዶች አሏት። አንዱ ኖህ ነው፣ አንዱ ሌዊ። ከንጋት እስከ ምሽት እነሱን ስታገለግል ነው የምትውለው።

ስማኝ። ትሰማኛለህ? … ሄሎ? … እሺ። እኔ ያየሁትን ልንገርህ፣ ሰው ያወራልኝን አይደለም። ማክሰኞ ማለዳ ጥርሴ ቀሰቀሰኝ። ውጭ የጀሪካን ኳኳታ ሰማሁ። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣው ደግሞ ገና ሳይነጋ ነው። ወጥቼ ባይ ትንሳኤ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ጀሪካኑ እስኪሞላ ትጠብቃለች። ይሄን የአሰላን ብርድ ታውቀዋለህ። ወንዶቹስ? ያንኮራፋሉ! ውሃዋን አስገብታ፣ ቁርሳቸውን ሠርታ፣ የኖህን ሸሚዝ ተኩሳ፣ እሷ ራሷ ዳቦ በእጇ ይዛ እየሮጠች ወጣች። እነሱ ቀድመዋት ሄደዋል፣ እንዳይረፍድባቸው።

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ኖህ ማጠናከሪያ ትምህርት ይገባል። ጥሩ፣ ይግባ። ሌዊ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ይላል እሱ።

— ዝም በል ሌዊ፣ ጫማህ ላይ ያለው አቧራ የቤተ መጻሕፍት አቧራ አይደለም።

እሷስ? ማጠናከሪያው ለእሷ የለም እንዴ? አለ። በነጻ ነው፣ ለሁሉም ነው። እሷ ግን ከክፍል በቀጥታ ወደ ቤት። መብራት ካለ እንጀራ፣ ከሌለ ከሰል አቀጣጥላ ሽሮ። ማልያ ማጠብ። ማልያ ወንደሰን፣ የሌዊን የኳስ ማልያ! እነሱ በልተው መጽሐፍ ሲዘረጉ እሷ ሳህን ትለቃልቃለች። ከዚያ ትመጣና ጥግ ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፉን ስትጠብቅ፣ ኖህ ጨርሶ ሲሰጣት፣ ገለጠችው፣ አንድ ገጽ ሳታገላብጥ ግንባሯ ወረቀቱ ላይ ተደፋ። ዓይኔ እያየ። ክፍል ውስጥ ትተኛለች አልከኝ? የት ትተኛ ታዲያ?

… ምን አለበት? … ሴት ልጅ ናት፣ ሥራ ብትለምድ ምን አለበት ነው ያልከኝ? ያለበትን እየነገርኩህ አይደለም እንዴ!

… አዎ፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ትናንት ኖህን፣ ‘ምነው አታግዛትም?’ ብለው ምን አለኝ መሰለህ? ‘እሷ አልጠየቀችንም’።

— አላልክም? … ብለሃል። ቀና በል፣ ፊትህን እያየሁ ነው የምናገረው።

… ተው፣ ልጁን አትሳደብ። አሁን እሱ ላይ አትዙር። ልጁ ከየት ተማረው? ጀበናው አጠገብህ ሆኖ ‘አበባ፣ ቡና ቅጂልኝ’ እያለ ከጓዳ የሚጠራት ሰው ልጅ ነው። … አዎ፣ አንተን ነው የምልህ። እና ኖህ ክፉ ልጅ አይደለም። ይኸው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ልጦ፣ ከትፎ፣ እየተነፋረቀ ነው። ትንሽ ይላመጣል እንጂ ይሠራል። እስከ ዛሬ ‘ተነስ፣ ሥራ’ ያለው ሰው ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ ቀሪው እንምጣ። ቀሪ ታበዛለች አልከኝ። መምህሩ በየትኛው ቀን እንደምትቀር ነገረህ? … አልጠየቅከውም። እኔ ጠየቅኩት። ሐሙስ ጠዋት። ሌላ ቀን ትገኛለች፣ ሐሙስ ጠዋት የለችም። ሐሙስ ጠዋት ምን እንዳላቸው ታውቃለህ? ሒሳብ። ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ሒሳብ። አዲሱን ትምህርት የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው፣ ሌላው ቀን መልመጃ ነው። አዲሱን ያልሰማ ልጅ መልመጃውን ምን ብሎ ይሥራው? ታዲያ ትንሳኤ ሐሙስ ጠዋት የት ናት? … አላውቅም አልክ?

እውነት አታውቅም?

አስብ እስኪ። ሐሙስ። ከእናንተ አገር፣ ከጮሌ የሚመጣ ሚኒባስ። ሹፌሩ ሁሴኖ። … እህ። ከላይ ምን ጭኖ ይመጣል ሁሴኖ? … እህ! የማን ድንች? … ማን ትቀበልሃለች ብለህ ነው የምትሰጠው?

… አዎ፣ ትንሳኤ።

ዛሬ ጠዋት አብሬያት ሄድኩልህ። ጉንጬን በሻርፕ ጠቅልዬ። መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድ መስሎኝ ነበር፣ ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ደብተሯን ይዛለች። ‘በዚህ በኩል ነው እንዴ ትምህርት ቤታችሁ?’ ስላት፣ ‘አይ አክስቴ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው’ አለችኝ። እንደዚሁ፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው እንደሚባለው። መናኸሪያው በር ላይ ቆምን። ሁሴኖ መቼ እንደሚደርስ ራሱም አያውቅም። አንዳንዴ በጊዜ፣ አንዳንዴ ፀሐይ ከወጣች ቆይቶ። ሲደርስም አይቆምም፣ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ ወደ አዳማ ያልፋል። ያልተቀበሉት ዕቃ አዳማ ይወርዳል። … አዎ፣ አንድ ጊዜ አልፏት ሄዶ እንዴት እንደጮህክባት ነግራኛለች። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጋ ትቅር?

ሁሴኖ ምን አለኝ መሰለህ? ጆንያውን ከላይ እያወረደ፣ ‘አቦ፣ ይቺ ልጅ ትምህርት የላትም እንዴ? ሁልጊዜ እዚህ ነው የማገኛት’ አለኝ። አፈርኩ! ሹፌሩ ያየውን አባቷ አላየውም። ከዚያ ጆንያውን አዘለችው። አዘለችው ነው የምልህ፣ በነጠላዋ አስራ፣ እንደ ሕፃን! ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለችኝ፣ ታመሻል ብላ። ዳገቱን ወጥታ፣ ቤት አስቀምጣ፣ ላቧን ጠርጋ፣ እየሮጠች ትምህርት ቤት ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛው አያስገባትም፣ እስከ እረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር ትቀመጣለች። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። መምህር ይርሳው በእረፍት ሲወጣ ያገኘሁት እዚያ ነው። የነገርኩት ጊዜ ሰውየው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከወሎ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፣ የእኛን አመል ከየት ይወቅ? ሌላ ነገር ጠርጥሯት ነበር፣ እንዳንተው።

ልጅቷን ቀሪ ያደረጋት ስንፍና አይደለም ወንደሰን። ድንች ነው! ያንተ ድንች!

… አላወቅክም ነበር። እሺ። ድንቹ በሰላም ገባ ወይ ብለህ ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለህ፣ ዛሬም የደወልከው ለዚያ ጭምር ነው። ልጅቷ ዛሬ ክፍል ገባች ወይ ብለህ አንድ ቀን ጠይቀሃል? … ለምን ኖህ እንዲቀበል አላደረግክም? … እህ። … ምን አልክ?

ኖህ ከትምህርቱ እንዳይስተጓጎል ብዬ ነው?

ወይ አምላኬ። አፍህ ያወጣውን ጆሮህ ሰማው? ቅድም አላውቅም ነበር አልከኝ፣ አሁን ኖህ እንዳይስተጓጎል ነው አልከኝ። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ያዝ። ኖህን የሚያስተጓጉለው ድንች ትንሳኤን አያስተጓጉላትም? … ደግሞ ሁሴኖ ቅዳሜም ይመጣል እኮ! ጠይቄዋለሁ። ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ ሁሉም ቤት ናቸው። ለምን ሐሙስ? … ረቡዕ ገበያ ስለምትወጣ። በዚያው እግርህ ለሁሴኖ ሰጥተህ ትገላገላለህ። ለቅዳሜው ሌላ መንገድ እንዳትሄድ። ለአንተ እግር ሲባል ነው እንግዲህ የእሷ ሒሳብ የሄደው።

… እትዬ አትበለኝ! ሲጨንቅህ ነው እትዬ የምትለኝ።

… የሆነው ሆኗል? … አበባ ብቻዋን ተቸግራለች። አውቃለሁ፣ አበባ ትቸገራለች፣ አልክድም። … እና ወንዶቹ? … ስለ ወንዶቹ አታስቢ። ለምን አላስብም? … ማን? … ማን ትመጣለች?

ኤልሮኢ?

… ሰባተኛ ክፍል ያለችው ኤልሮኢ? … አሰላ ጥሩ ትምህርት ቤት ገብታ ትማር። ወንድሞቿ ያስጠኗት። እህ። … አየህ፣ ደግ አባት ነህ። ወንደሰን፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ግን አስበህ መልስልኝ። ኖህና ሌዊ እዚህ ባይኖሩ፣ ኤልሮኢን ብቻዋን አሰላ ቤት ተከራይተህላት ታስተምራት ነበር? … አይ፣ እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ታስተምራት ነበር ወይ? … መልስ! … ሄሎ? … መልሱ እሱ ነው። አታስተምራትም ነበር። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካ ነው! እንደ ባትሪ ድንጋይ! ያለቀውን አውጥተህ አዲሱን ትከታለህ!

… አትጩህብኝ! ጩኸትህን እዚያው ለበሬዎችህ! ታላቅህ ነኝ፣ ታውቃለህ!

— ሌዊ፣ ውሃ አቀብለኝ፣ ጨው ጣል አድርግበት። ደም ደም አለኝ።

… አዎ፣ ጥርሴ ነው። አንተ ነህ ያደማኸው። … እንደምን ዝም ልበል? አንጀቴን እያሳረርከው እንደምን ዝም እላለሁ? ቆይ ልጉመጥመጥ።

— ኖህ! ኧረ ሽንኩርቱ አረረ! አማስለው እንጂ፣ ምን ያፈዝዝሃል! ውሃ ጠብ አድርግበት! … አንቺ ደግሞ? አንቺን ማን ጠራሽ? ወደ መጽሐፍሽ! የሚያርረው ይረር፣ ያረረውን ይብሉታል!

ትንሳኤ መጣች። አከራያቸው ሶፊ ሳሎኗን ለቃላት እዚያ እያጠናች ነበር። ያረረ ሲሸታት መጽሐፏን ጥላ ሮጣ መጣች፣ እንደ ለመደችው። … እንግዲህ ይቻትልህ። ቅዳሜ ጠቅልለሽ ትመጫለሽ በላት። … ልስጥህ አይደል? … ንገራታ! … አልችልም አልክ? ለኖህ ነግረህ በኖህ አፍ ልትነግራት ነበር? አባት አይደለህም እንዴ? … እሺ። እኔ እነግራታለሁ።

— ትንሳኤ፣ አባትሽ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስድሽ ነው። ጠቅልላ ትምጣ አለ። ትምህርቱን ትተወው ነው ያለው።

… ነገርኳት። … ምንም። እሺ አለች። … በቃ፣ እሺ። … አታለቅስም። አላለቀሰችም እልሃለሁ! ብታለቅስ ደስ ባለኝ! ምን እያደረገች እንደሆነ ልንገርህ? ማማሰያውን ከኖህ እጅ ወስዳ ለሌዊ እያሳየችው ነው። ሽሮው በየትኛው ጣሳ እንዳለ። በርበሬ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ። ውሃው መቼ መቼ እንደሚመጣ። … አዎ፣ ለሌዊ። ስትሄድ እንዳይራቡ ነዋ! ስልኩን ላስጠጋልህ፣ አንተው ስማው። … ሰማህ? … ‘ሐሙስ ሐሙስ ሁሴኖ እንዳያልፍህ ቀድመህ ቁም’ እያለችው ነው።

…

ሄሎ? … ወንደሰን? ተቋረጠ እንዴ? … አለህ። እሺ።

አንድ ነገር ልናገርና እዘጋዋለሁ፣ እኔም ደክሞኛል። አንተና ታላቃችን ጋሼ ገብረወልድ ከገጠር ወጥታችሁ ጮሌ ከተማ ቤት ተከራይታችሁ ስትማሩ፣ ማን ነበር አብሯችሁ የነበረው? … እኔ። አባባ ሲልከኝ ምን ብሎ ነበር? ትርፌም ትማር ብሎ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቤት ተመለስኩ። ለምን ተመለስኩ? … ምን? … ድገመው።

አንቺ ትምህርት ጠልተሽ?

… ማን ነው እንደዚያ ያለህ? … አባባ። … ይሄን ሁሉ ዘመን፣ ትርፌ ትምህርት ጠልታ ተወችው ብለህ ነው የምታውቀው? ጋሼም እንደዚያ ነው የሚያውቀው?

…

አልጠላሁም ነበር። ወንደሰን፣ ትምህርት አልጠላሁም ነበር። እወድ ነበር። ጂኦግራፊ በጣም ነበር የምወደው። ካርታ ስስል መምህሩ ወስዶ ሌላ ክፍል ያሳይልኝ ነበር። አንተ ይሄን አታውቅም፣ ኳስ ሜዳ ነበርክ። የእናንተን ልብስ ወንዝ ወርጄ አጥቤ ስመለስ ትምህርቱ አልቆ ይጠብቀኛል። የጓደኛ ደብተር ስለምን፣ ለሁለት ወንድ ወጥ ሳወጣ፣ ወደቅኩ። አባባ መጣና ወሰደኝ። ምን ሆነሽ ወደቅሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። አንተም አልጠየቅከኝም። ልጅ ነበርክ፣ አልፈርድብህም። አሁን ግን ልጅ አይደለህም። አሁን አባባ አንተ ነህ።

… አይ፣ አላለቅስም። ሽንኩርቱ ነው። … እሺ፣ አለቅሳለሁ! ባለቅስስ! ነገ ኤልሮኢም ትምህርት ጠልታ ነው ይባልላታል፣ ወንድሞቿም ያምኑታል። ኖህ ልጆቹን ሰብስቦ፣ አክስታችሁ ትንሳኤ ሰነፍ ነበረች ብሎ ያወራላቸዋል። ስምንተኛ ክፍል የበለጠችውን ልጅ!

— አንተ አትናገር ኖህ። … ምን አልክ? … ጮክ በል።

ኖህ ነው። ስማው የሚለውን፣ እኔ እደግምልሃለሁ። ‘ሒሳብ እኔ አስረዳታለሁ’ ይላል። ‘ሐሙስ ሐሙስ የተማርነውን ሁሉ ከመጀመሪያው አስረዳታለሁ’ ይላል። … አዎ፣ እሱ ነው ያለው። አላስተማርኩትም!

… አበባ ምን እያለች ነው? ከጎንህ ድምጿን እሰማለሁ። … ‘ቀድሞም ብዬው ነበር’? እንግዲያው አበባም ነግራህ ነበር! አቤት አንተ ልጅ! ሁለት ሴት ነግሮህ የማትሰማ!

… እህ። … እናያለን አይገባኝም። እናያለን ማለት ምን ማለት ነው? ቅዳሜ ትወስዳታለህ ወይስ አትወስዳትም? … ሙሉውን ተናገረው። … ቆይ፣ ልጆቹ ይስሙት፣ ላውድ ላይ አደርገዋለሁ። … በል፣ አሁን ተናገር። …

ሰማችሁ? — ሰማሽ ትንሳኤ? ትቆያለሽ አለ። ትፈተናለሽ። … ማማሰያውን ለኖህ መልሺለት። መልሺለት እላለሁ! ሂጂ አሁን፣ ሶፊ ቤት። ሳህኑን ሌዊ ያጥባል። … ያውቅበታል፣ ካላወቀበት ሰብሮ ይለምዳል።

ድንቹስ? … ቅዳሜ። ማን ይቀበለዋል? … ሁለቱም ይሂዱ፣ አንዱ አንዱን ያግዝ። ኤልሮኢም ትምህርቷን እዚያው ትቀጥል። ሰባተኛን ትጨርስ፣ ስምንተኛን ትፈተን፣ ከዚያ በኋላ አሰላ ከመጣች ለራሷ ትምጣ። … እሺ። ለአበባም አንድ እጅ ጨምርላት፣ አንተው ጨምርላት፣ እጅ አለህ። … አልተናደድኩም አሁን። ተናድጃለሁ፣ ግን በርዶልኛል። … አይ፣ ጉንጬ አብጧል፣ ነገ ሐኪሙ ሲያየኝ ምን እንደምለው እንጃ።

… ምን? … አሁን? … አይሆንም። … አባቷ ብትሆንስ! ሄዳለች። ሶፊ ቤት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ነች፣ በበሩ በኩል ትታየኛለች። … ምን ልትላት ነው? … እሱን ቅዳሜ መጥተህ ፊቷ ቆመህ በላት፣ በስልክ አይባልም። … አላገናኝህም አልኩ እኮ! እያጠናች ነው፣ ወንደሰን። … ስትጨርስ ራሷ ትደውልልሃለች። … መቼ እንደምትጨርስ እኔ ምን አውቃለሁ? ብዙ ነው የቀረባት። በል ደህና እደር።